የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች፦ ሆንዳ ግን ምኑን ጣለ?

ሰሞኑን ስለ ሆንዳ የአሜሪካ ገበያ የሚያወራ ቪዲዮ እያየሁ ተራኪው "ሆንዳም መጀመሪያ የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ልትጥል ነበር" አለና አለፈ። ሰውየው አባባሉን የያዘው ስግብግብ ያለውን ያጣል በሚል ነው፣ አብዛኛው ሰው እንደዛ ነው የሚይዘው፣ እኔ ግን ቆጥ ያለበት ቤት ስላደግኩ በዚህ ነገር ዝም ማለት አልችልም።

አያቴ ቤት ቆጡ ከምድጃው ከፍ ብሎ የተጋደመ አጠና ነው፣ በልጥ የታሰረ፣ ጭስ ጠጥቶ ጠጥቶ የጠቆረ። ለዘር የተቀመጠው ማሽላ እዛ ነው የሚሰቀለው፣ ጭሱ ነቀዝ አያስጠጋም ይባላል። ጥጉን ደግሞ ዶሮዎች ያድሩበታል። ለገበያ የምትሄድ ዶሮ በቀን አትያዝም፣ ሰፈር ታዞራለች፣ የምትያዘው ማታ ነው፣ ምክንያቱም ጨለማ ውስጥ ዶሮ አታይም። አያቴ ሙቀጫ ገልብጣ ትቆምበትና አንዷን በእግሯ ስባ ብብቷ ስር ትወሽቃታለች፣ ከዛ ከውስጥ በኩል ወዳለው ወፍራም አውራ ዶሮ ስትንጠራራ ክንዷ ላላ ይላል፣ ያኔ በቃ፣ ቤቱ በላባና በአመድ ይሞላል፣ "በሩን ዝጉት!" ተብሎ እኛ ላይ ይጮሃል።

አባባሉ የወጣው ከዚች ዶሮ ነው ባይ ነኝ። ማስረጃህ ምንድነው ካላችሁኝ ማስረጃዬ ዶሮዋ ናት። ብብቷ ስር የያዘችው ቅል ነው የሚሉ አሉ፣ ኧረ እባካችሁ፣ ቅል የያዘች ሴትዮ ቅሉን መሬት አስቀምጣ ነው ወደ ቆጥ የምትወጣው። መሬት አስቀምጠኸው የማይቆይህ ዶሮ ብቻ ነው። ደግሞ ልብ በሉ፣ አያቴ በየገበያው ዋዜማ ወደ ቆጥ ትንጠራራለች፣ መንጠራራቱን ማንም ነውር ብሎት አያውቅም። የሚያስቀው የክንዷ መላላት ነው።

አሁን ወደ ሆንዳ። በ1959 እ.ኤ.አ. ካዋሺማ ኪሃቺሮ የሚባል የሆንዳ ሰው ሞተር ሳይክል ሊሸጥ ጥቂት ሰራተኞች ይዞ ሎስ አንጀለስ ገባ። የጃፓን ገንዘብ ሚኒስቴር የፈቀደላቸው 250 ሺህ ዶላር ነው፣ ከሱም በጥሬ ገንዘብ 110 ሺህ ብቻ፣ የቀረው በሞተር ሳይክልና በመለዋወጫ። በወር 80 ዶላር በሚከራይ አፓርትመንት ተደራርበው ይኖሩ ነበር፣ አልጋ ያልደረሰው ወለል ላይ። አሜሪካኖቹ ትልቅ ሞተር ነው የሚወዱት ብለው ዋናውን ተስፋ የጣሉት በ250 እና በ305 ሲሲዎቹ ላይ ነው (ሲሲው በበዛ ቁጥር ሞተሩ ትልቅ ነው)፣ ቆጡ ማለት እሱ ነው። ችግሩ አሜሪካ ውስጥ ሰው ሞተር የሚነዳው ከጃፓን በጣም ረጅም መንገድ፣ በጣም በፍጥነት ነው፣ ስለዚህ በ1960 ሞተሮቹ ዘይት ማፍሰስ፣ ፍሪሲዮናቸውም፣ ማርሽ ሲቀየር ሞተሩን ከጎማው የሚያላቅቀው፣ መበላሸት ጀመረ። የተበላሹትን በአውሮፕላን ጃፓን እየላኩ የቴስታታ ጋስኬቱን (የሞተሩን ራስ የሚያሽገውን) እና የፍሪሲዮን ስፕሪንጉን እንደገና ሰሩ፣ በዛች ጠባብ በጀት።

ብብት ስር የነበረችውስ? ሱፐር ካብ፣ 50 ሲሲዋ፣ በ1958 ጃፓን ውስጥ የወጣችው፣ ፍሪሲዮን በእጅ የማይያዝባት፣ ቀሚስ የለበሰችም ሴት እግሯን ሳታነሳ የምትቀመጥባት። ሰራተኞቹ ከተማ ውስጥ ለመላላኪያ ይነዷት ነበር እንጂ ለሽያጭ ብዙም አልገፏትም፣ ገበያው የጃኬት ለባሽ ጎረምሳ ነው፣ ትንሿ ስማችንን ታበላሻለች ብለው ፈሩ። ሰው ግን መንገድ ላይ እያያት ይጠይቅ ጀመር፣ ሲርስ ከሚባለው ትልቅ የአሜሪካ የሱቆች ድርጅት ሳይቀር ገዢ ደወለላቸው። ትላልቆቹ ሲበላሹ ምርጫ አልነበራቸውም፣ ትንሿን አወጧት፣ በሞተር ነጋዴ ብቻ ሳይሆን በስፖርት ዕቃ ሱቅ ሁሉ ተሸጠች። በ1963 "በሆንዳ ላይ ጥሩ ሰዎች ያጋጥሙሃል" የሚል ዓይነት ማስታወቂያ መጣ፣ እናቶች፣ ተማሪዎች፣ ጥንዶች የተሳሉበት፣ በ1964 አሜሪካ ውስጥ ከሚሸጡ ሁለት ሞተሮች አንዱ ሆንዳ ሊሆን ምንም አልቀረው።

ቆጡንም አልተዉትም። በ1969 ሲቢ 750 መጣ፣ ባለ አራት ሲሊንደር፣ በ1979 ደግሞ ኦሃዮ ሜሪስቪል ውስጥ ሞተር መገጣጠም ጀመሩ። የጃፓን ትላልቅ ሞተሮች በጣም ከመግፋታቸው የተነሳ በ1983 የአሜሪካው ፕሬዚዳንት ሬገን በአገሬው ሞተር ሳይክል አምራች በሃርሊ ዴቪድሰን አቤቱታ ከ700 ሲሲ በላይ በሆኑት ላይ ከባድ ቀረጥ ጣለ። ታዲያ ይሄ ድርጅት ወደ ቆጥ በመንጠራራቱ ነው የሚወቀሰው? ሊወቀስ ከሆነ ብብቱ ስር ያለችውን አንድ ዓመት ሙሉ አሳንሶ በማየቱ ነው።

የዘንድሮ ሰው ግን ይሄን አባባል የሚያወጣው ልጅ ሁለተኛ ሱቅ ልክፈት ሲል፣ ወይ ከመስሪያ ቤት ወጥቼ የራሴን ልሞክር ሲል፣ አፉን ለማስያዝ ነው። መጀመሪያ ልጁን ብብትህ ስር ምን ይዘሃል፣ ስትሄድ ማን ይይዝልሃል ብላችሁ ጠይቁት። እሱን ሳትጠይቁ ተረቱን ዘላችሁ የምታወጡት ሰዎች ግን ዶሮ ይዛችሁ እንኳን አታውቁም።