«መጀመሪያ እንግሊዝኛህን ጨርስ» እና ሌሎች ስለ ኮሚኒቲ ኮሌጅ የሚነገሩ ስህተቶች

አሜሪካ ውስጥ ፓርኪንግ ወይም አረጋውያን ቤት የሚሠራ አበሻ ስለ ኮሚኒቲ ኮሌጅ፣ ማለትም ስለ ሁለት ዓመቱ የመንግሥት ኮሌጅ፣ ምክር አያጣም። ችግሩ ከምክሩ ብዙው የተሳሳተ ወይም ጊዜው ያለፈበት መሆኑ ነው።

«መጀመሪያ እንግሊዝኛህን ጨርስ፣ ሙያው ይደርሳል»

ብዙ ሰው ያስቀረው ይሄ ነው። የእንግሊዝኛው ደረጃ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት እያለ ይሄዳል። መሃል ላይ ልጅ ይወለዳል፣ ሽፍት ይቀየራል፣ ትምህርቱ ይቆማል። ሙያው ሳይደርስ ይቀራል።

የዋሽንግተን ስቴት ኮሌጆች ይሄን አይተው በ2004 አይ-ቤስት የሚባል አሠራር በሙከራ ጀመሩ። አንድ ክፍል ውስጥ ሁለት አስተማሪ ይገባል። የነርስ ረዳት ሥልጠና ነው እንበል። ነርሷ የደም ግፊት እንዴት እንደሚለካ ታሳያለች። የእንግሊዝኛው መምህር ደግሞ ቁጥሩ እንዴት እንደሚነበብ፣ የታካሚው ፋይል ላይ ምን ተብሎ እንደሚጻፍ፣ ቁጥሩ ከፍ ካለ ለነርሷ እንዴት እንደሚነገር እዚያው ያለማምዳል። ቋንቋውና ሙያው አብረው ይያዛሉ። የሚገኘውም የኮሌጅ ክሬዲት ነው። ኢሊኖይና ካንሳስን የመሳሰሉ ስቴቶችም ከዚህ ተነስተው የራሳቸውን ሞክረዋል።

ከዜሮ ይጀመራል ማለቴ ግን አይደለም። የተወሰነ መነሻ እንግሊዝኛ ይጠየቃል።

«ሃይስኩል ያልጨረሰ ኮሌጅ አይገባም»

አገር ቤት ሃይስኩል ጨርሶ ማስረጃው በእጁ ያለ ሰው፣ አብዛኛውን ጊዜ ያው ይበቃዋል፤ አስተርጉሞና አስገምግሞ ማቅረብ ነው። ስምንተኛ ክፍል ላይ ያቋረጠ ደግሞ የሃይስኩል ዲፕሎማን የሚተኩትን አራቱን የጂኢዲ ፈተናዎች መውሰድ ይችላል። ዋሽንግተን ስቴት ውስጥ ሃይስኩል ፕላስ የሚባልም አለ። እሱ የሥራና የሕይወት ልምድን ጭምር ቆጥሮ የሃይስኩል ዲፕሎማ ይሰጣል።

ዲፕሎማ ሳይኖርም የፌዴራል እርዳታ የሚገኝበት መንገድ አለ። ሰውየው የሙያና የመሠረታዊ ትምህርት ጥምር ፕሮግራም ውስጥ ይገባና የተፈቀደ ፈተና ያልፋል፣ ወይም 6 ክሬዲት ይጨርሳል። ይሄ በር በ2012 ለአዲስ ተማሪዎች ተዘግቶ፣ በኋላ ነው በከፊል የተከፈተው። ስለዚህ ያኔ የተማረ ዘመድ «አይቻልም» ቢል ዋሽቶ አይደለም፣ መረጃው ነው ያረጀው። ሁሉም ኮሌጅ ግን ይሄን አይሰጥም።

«የሚሰጡህ ብድር ነው»

የፌዴራል መንግሥት ገቢው ዝቅተኛ ለሆነ ተማሪ የሚሰጠው ፔል ግራንት ብድር አይደለም፤ በደንቡ ለተማረ ሰው አይመለስም። ለ2025-26 የትምህርት ዓመት ጣሪያው 7,395 ዶላር ነው። ግሪን ካርድ ያለው ማመልከት ይችላል። ግማሽ ቀን ለሚማርም ይሰጣል፣ መጠኑ ግን ይቀንሳል። እርዳታው የሚጠየቅበት ፋፍሳ የሚባለው ፎርም የሚሞላው በነጻ ነው። «መቶ ዶላር አምጣና ልሙላልህ» የሚለውን ማለፍ ነው። አንድ የሚያናድድ ነገር አለ፤ አገር ቤት ዲግሪ የያዘ ሰው ፔል አያገኝም።

«የሚያቋርጠው ጭንቅላቱ ስላልያዘለት ነው»

የኒውዮርክ ከተማ ዩኒቨርሲቲ በ2007 ኤሳፕ የሚባል ፕሮግራም ጀመረ። ለተማሪው የትራንስፖርት ካርድ፣ የመጽሐፍ እገዛ፣ ከፋይናንስ እርዳታ የተረፈውን የትምህርት ክፍያና በቅርብ የሚከታተለው አማካሪ ተሰጠው። ተማሪዎቹ በዕጣ ተለይተው በተጠኑበት ጊዜ፣ ፕሮግራሙ ውስጥ ከገቡት 40 በመቶው በሦስት ዓመት ተመረቁ። ካልገቡት የተመረቁት 22 በመቶ ብቻ ናቸው። አብዛኞቹ ወጣቶች ነበሩ፣ ሙሉ ቀን መማርም ግዴታ ነበር። ቢሆንም የተጠኑት በሒሳብ ወይም በእንግሊዝኛ ማካካሻ ትምህርት የሚያስፈልጋቸው ነበሩ። ማታ ሠርቶ ጠዋት ክፍል የሚገባ ጎልማሳም ቢሆን የሚጥለው ብዙውን ጊዜ አውቶቡሱና የልጅ ጠባቂው ነው።

«ሰርተፍኬት ያው ሰርተፍኬት ነው»

እዚህ ላይ ጠንቀቅ ማለት ይሻላል። የነርስ ረዳት ሰርተፍኬት ሥራ ያስገኛል፣ ደሞዙ ግን ዝቅተኛ ነው። ብቻውን ከቀረ ብዙም አያራምድም። ከመመዝገባችሁ በፊት አማካሪውን ሁለት ነገር ጠይቁ፦ ኮርሱ ክሬዲት አለው? ክሬዲቱስ በኋላ ለአሶሼት (የሁለት ዓመት) ዲግሪ ይያዝልኛል? መልሱን በኢሜይል እንዲልክላችሁ አድርጉ።