ጅሬን ላይ ያለው የአባ ጅፋር ቤት

ጅማን በቅጡ ማየት የፈለገ ሰው መጀመሪያ ከጅማ ይውጣ። ከመሃል ከተማ 7 ኪሎ ሜትር ገደማ ሄዶ ጅሬን ኮረብታ ላይ ይቁም። አሮጌው ቤተ መንግሥት እዚያ ነው። ዛሬ "ጅማ" የምንለው ከተማ ደግሞ ከታች ተዘርግቶ ይታያል።

ነገሩ ድሮ የተገላቢጦሽ ነበር። ዋናው ጅሬን ነው። ታች ያለው ሂርማታ ገበያ ነበር። ቡና፣ የዝሆን ጥርስ፣ ዝባድ፣ ጨው፣ ፈረስ ይሸጥበታል። ሰውም ይሸጥበት ነበር፤ የባሪያ ንግድ የመንግሥቱ አንዱ የሀብት ምንጭ ነበርና የቤቱን ውበት ስናደንቅ ይህን መዝለል አይገባም።

የጅማ መንግሥት ከአምስቱ የጊቤ መንግሥታት አንዱ ነው። ሌሎቹ ሊሙ እናርያ፣ ጎማ፣ ጉማ እና ጌራ ናቸው። ቤተ መንግሥቱ የሚታወቀው በዳግማዊ አባ ጅፋር ስም ነው። "አባ ጅፋር" የፈረስ ስም ነው፤ የኦሮሞ ባላባት እንደ ወጉ በፈረሱ ይጠራል። ንጉሡ እ.ኤ.አ. በ1878 ገና በወጣትነታቸው ነገሡ። እስከ 1932 ቆዩ፤ 54 ዓመት ማለት ነው። ቁመታቸው ከሁለት ሜትር በላይ እንደነበር ይነገራል።

ምኒልክ ወደ ደቡብ ሲመጡ አባ ጅፋር አልተዋጉም። እ.ኤ.አ. በ1880ዎቹ ግብር ለመክፈል ተስማሙና አገራቸውን ራሳቸው እያስተዳደሩ ቀጠሉ። በዚህ ምክር የእናታቸው የጉሚቲ እጅ አለበት ይባላል። በእኔ ግምት ይህ የእንጨት ቤት ሳይቃጠል ለእኛ የደረሰው በዚያ ውሳኔ ነው።

ቤቱ ራሱ ድንጋይ የከመረ ግንብ አይደለም። ዋናው መኖሪያ ባለ ሁለት ፎቅ ሲሆን ብዙው እንጨት ነው። ዙሪያውን በረንዳና ሰገነት አለው። እንጨት ሥራው ላይ የሕንድ እጅ አለበት የሚሉ ብዙ ናቸው። ጅማ ነጋዴ የማይደርስበት አገር ስላልነበር ነገሩ አይገርምም። ያም ሆኖ ለጅማ ሰው እንጨት መጥረብ ከውጭ የመጣ ሙያ አይደለም። ከአንድ ግንድ የሚፈለፈለውን ባለ ሦስት እግር የጅማ በርጩማ ያየ ያውቀዋል። ግቢው ውስጥ መስጊድም አለ። አባ ጅፋር ሙስሊም ንጉሥ ነበሩና ቤተ መንግሥቱ ያለ መስጊድ አይታሰብም።

ግቢ ገብቼ ብዙ የምቆመው ሰገነቱ ሥር ነው። ከላይ የተቀመጠ ሰው አደባባዩን ሙሉ ያያል፤ ከታች የቆመም ንጉሡን ቀና ብሎ ያያቸዋል። የቤቱ ንድፍ በአጭሩ ይኸው ነው።

እ.ኤ.አ. በ1932 የጅማ ራስ ገዝነት አበቃ። ከአራት ዓመት በኋላ ጣሊያን ገባ። ከተማውን ታች ሜዳው ላይ ማስፋፋት ጀመረ፤ ፈረንጅ አራዳ የሚባለው ሰፈር ስሙን ይዞ አለ። ኑሮው ሁሉ ወደ ታች ወረደ። ጅሬን ዳር ሆነች።

የአባ ጅፋር የግል ዕቃ አሁን ከተማው ውስጥ ባለው ሙዚየም ይታያል። ስማቸውን ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2018 የፕሪሚየር ሊጉን ዋንጫ ያነሳው የጅማ አባ ጅፋር ክለብ ይዞታል። ላይ ኮረብታው ላይ ለቀረው እንጨት ግን የጅማ ዝናብ ርኅራኄ የለውም። ምስጡም እንዲሁ።