ሆልዲንግ ሲባል የአንዱ ዕዳ ለሌላው ይተርፋል?

ዱቄት ፋብሪካ፣ እንግዳ ማረፊያና ሁለት የጭነት መኪና ያለው ሰው በሩ ላይ «ግሩፕ» ብሎ ስለጻፈ ሆልዲንግ (የሌሎች ማኅበራትን ድርሻ የሚይዝ ማኅበር) አለው ማለት አይደለም። መታየት ያለበት ታፔላው ሳይሆን በስተጀርባው ስንት ማኅበር ተመዝግቧል የሚለው ነው።

ሦስቱም ሥራ በአንድ ኃላፊነቱ የተወሰነ የግል ማኅበር ስም ከሆነ፣ ንግድ ፈቃዱ ቢበዛም በሕግ ፊት ባለዕዳው አንድ ነው። መኪናው ሰው ገጭቶ ካሳ ቢፈረድ ወፍጮውም ሊሸጥ ይችላል።

ሆልዲንግ ግን ራሱ ዱቄት አይፈጭም፤ ሥራው የሌሎች ማኅበራትን ድርሻ ወይም አክሲዮን ይዞ መቆጣጠር ነው። ከሥሩ ያለው እያንዳንዱ ማኅበር ራሱን የቻለ የሕግ ሰው ነው፤ የግብር ከፋይ መለያ ቁጥሩም፣ ግብሩም ለየብቻ። በ2013 የወጣው የንግድ ሕግ (አዋጅ ቁጥር 1243) ስለ ኩባንያዎች ቡድን የራሱ ድንጋጌዎች አሉት።

ሆልዲንጉ በትራንስፖርት ማኅበሩ 2 ሚሊዮን ብር አዋጥቷል፣ ዕዳው ደግሞ 5 ሚሊዮን ደርሷል እንበል። በመርህ ደረጃ የሚያጣው ያንኑ 2 ሚሊዮን ነው፤ እንግዳ ማረፊያው አይነካም።

እስከዚህ እርግጥ ነው። የሚለያየው ባለቤቱ በሚፈርመው ወረቀት ነው። ባንክ ለመኪናው ሲያበድር «እንግዳ ማረፊያውም ዋስ ይሁን» ካለና ከተፈረመ፣ በማኅበሮቹ መካከል የነበረው ግድግዳ በገዛ እጅ ፈረሰ። የአልጋውን ገቢ እያነሱ ለሾፌር ደመወዝ መክፈልም (ብዙዎቻችን የምናደርገው ነው) ክርክር ሲመጣ «ማኅበሮቹ የተለያዩ ናቸው» የሚለውን መከላከያ ሊያሳጣ ይችላል።