ዌዘርና ክላይሜት ልዩነታቸው ምንድን ነው?

በእንግሊዝኛ ዌዘር እና ክላይሜት ከሚባሉት ሁለት ቃላት የመጀመሪያው በአማርኛ የአየር ሁኔታ፣ ሁለተኛው የአየር ንብረት ይባላል። የአየር ሁኔታ ማለት በአንድ ቦታ፣ በአንድ ሰዓት ወይም በጥቂት ቀናት ውስጥ ከባቢ አየሩ የሚገኝበት ይዞታ ሲሆን፣ ሙቀቱን፣ እርጥበቱን፣ ነፋሱን፣ ደመናውን፣ ዝናቡንና የአየር ግፊቱን ያጠቃልላል። የአየር ንብረት ደግሞ የእነዚሁ ነገሮች የብዙ ዓመታት መልክ ነው። የዓለም ሚቲዎሮሎጂ ድርጅት ለዚህ መለኪያ ያደረገው 30 ዓመትን ሲሆን፣ አሁን የሚሠራበት ዘመን ከ1991 እስከ 2020 እ.ኤ.አ. ያለው ነው። በዕለት ተዕለት ንግግራችን ግን «አየሩ ተለወጠ» የምትለው ሐረግ ሁለቱንም ጠቅልላ ስለምትይዝ፣ ተናጋሪው የዛሬውን ደመና ይሁን የዘመኑን ለውጥ ማለቱ ሳይለይ ይቀራል።

ልዩነቱን በዓይን ለማየት ሰሜን ሸዋ የተመቸ አገር ነው። ከደብረ ብርሃን ተነሥቶ፣ ጣርማ በርን አልፎ፣ በደብረ ሲና በኩል ሸዋ ሮቢት የሚወርድ መንገደኛ ግማሽ ቀን በማይሞላ ጊዜ ውስጥ ከተነሣበት 1,500 ሜትር ያህል ዝቅ ብሎ ያርፋል፤ ጠዋት የተከናነበውን ጋቢም ሳይደርስ ያጣጥፈዋል። ከፍታ በ1,000 ሜትር በጨመረ ቁጥር ሙቀቱ በአማካይ 6.5 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ስለሚቀንስ፣ በሁለቱ ከተሞች መካከል ወደ 10 ዲግሪ የሚጠጋ ልዩነት ይጠበቃል። ይህ የአየር ንብረት ልዩነት ነው፤ አባቶች ደጋ፣ ወይና ደጋ፣ ቆላ ብለው የከፈሉትም ይህንኑ ነው። ዛሬ ደብረ ብርሃን ፀሐይ ወጥቶ ሸዋ ሮቢት ቢዘንብ ደጋው ቆላ፣ ቆላውም ደጋ አይሆንም። የጣርማ በር ጉም ግን በሁለቱም ወገን ይቆጠራል። ዛሬ ማለዳ ሾፌሩን መብራት አስበርቶ በዝግታ ያስነዳው ጉም የአየር ሁኔታ ነው፤ ከዝቅተኛው የአፋር ምድር በኩል የሚመጣ እርጥበት ያዘለ አየር ገደሉን እየታከከ ሲወጣ ስለሚቀዘቅዝ በዚያ አፋፍ ላይ ጉም ማዘውተሩ ደግሞ የአየር ንብረት ነው።

ብዙ ጽሑፎች የአየር ንብረትን «የአየር ሁኔታ አማካይ» ብለው ያልፉታል። አባባሉ ስሕተት ባይሆንም ጎደሎ ነው። በኅዳርና በታኅሣሥ ደብረ ብርሃን ቀን ቀን ፀሐይዋ ታቃጥላለች፤ ሌሊት ሰማዩ ጥርት ስለሚል ምድሩ የያዘውን ሙቀት ያለ ከልካይ ይለቃል፤ ቀዝቃዛውም አየር ከባድ ስለሆነ ወደ ረባዳው ሜዳ ይወርዳል፤ ሲነጋም ሣሩ አመዳይ ለብሶ ይገኛል። የቀኑንና የሌሊቱን አማካይ ብቻ የሚያይ ሰው ለስለስ ያለ ቁጥር ያገኛል እንጂ ባቄላውን ያቃጠለውን ውርጭ አያገኝም። ስለዚህ የአንድ አገር የአየር ንብረት ሲገለጽ አየሩ ከአማካዩ ምን ያህል ወጣ ገባ እንደሚል፣ ውርጭ በየትኛው ወር እንደሚያሰጋ፣ ድርቅ በስንት ዓመት እንደሚመላለስ ጭምር መነገር አለበት። የመንዝ ገበሬ ምን ዓይነት ዘር እንደሚዘራ፣ ቤቱን በድንጋይ እንደሚሠራ፣ ጠጉራም በግ እንደሚያረባ የሚወስነው በአየር ንብረቱ ነው፤ የገብሱን ክምር ዛሬ አፍርሶ አውድማ ላይ ያውርድ ወይስ ሸፍኖ ያቆየው የሚለውን ግን ቀና ብሎ ሰማዩን አይቶ ይወስናል።

ሁለቱ ሐሳቦች በአንድ ዓረፍተ ነገር ውስጥ ተገናኝተው ሰውን የሚያደናግሩት በወቅት ትንበያ ላይ ነው። የኢትዮጵያ ሚቲዎሮሎጂ ኢንስቲትዩት በልግና ክረምት ከመግባታቸው በፊት በሚያወጣው ትንበያ ዝናቡ «ከመደበኛ በላይ»፣ «መደበኛ» ወይም «ከመደበኛ በታች» የመሆን ዕድሉን ይገልጻል። እዚህ ላይ «መደበኛ» ማለት በዚያ ቦታ፣ በዚያ ወቅት ለብዙ ዓመታት ሲመዘገብ ከቆየው ጋር የተቀራረበ ማለት ነው እንጂ «በቂ» ወይም «ጥሩ» ማለት አይደለም። በልግ በጠባዩ እምነት የማይጣልበት ስለሆነ፣ በበልግ ገብስ ለሚያድር የደጋ ሰው መደበኛ በልግ የጥጋብ ዋስትና አይሆንም። የወቅቱ የዝናብ ድምር መደበኛ ሆኖ፣ ዝናቡ ግን ዘግይቶ ሊጀምር፣ ወይም ሰብሉ ፍሬ ሳይቋጥር ሊያቋርጥ ይችላል። አድማጭም ይህ ስላልተነገረው ትንበያው ዋሸ ይላል፤ በእኔ እምነት ጥፋቱ የአድማጩ ሳይሆን ቃሉን ሳያብራራ በሬዲዮ የሚያነብበው ሰው ነው።

«የሳምንቱን በትክክል ያልነገሩን የ2050ን እንዴት ያውቁታል?» የሚለው ሙግትም የሚነሣው ሁለቱን ካለመለየት ነው። የአየር ሁኔታ ትንበያ ከዛሬው ልኬት ይነሣል፤ በልኬቱ ውስጥ ያለች ትንሽ ግድፈት በየቀኑ እየሰፋች ስለምትሄድ፣ ከሁለት ሳምንት ገደማ በኋላ የዕለት ትንበያ እምብዛም አይጨበጥም። የአየር ንብረት ግን የሚመራው በፀሐይ አቀማመጥ፣ በከፍታ፣ በውቅያኖስ ሙቀት፣ ሙቀት አማቂ ጋዞች በአየር ውስጥ ባላቸው መጠንና በመሳሰሉት ነው፤ እነዚህ ደግሞ በአንድ ጀምበር አይገለባበጡም። በመጪው ነሐሴ 15 ከቀኑ በዘጠኝ ሰዓት ደብረ ብርሃን ይዘንብ እንደሆነ ማንም ዛሬ ሊናገር አይችልም፤ ነሐሴ ከጥር ይልቅ ዝናባም እንደሚሆን ግን የሚጠራጠር የለም።

በዓለም ደረጃም ይኸው ነው። በዓለም ሚቲዎሮሎጂ ድርጅት መግለጫ መሠረት የ2024 እ.ኤ.አ. አማካይ የምድር ሙቀት ከ1850 እስከ 1900 ከነበረው በ1.55 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ያህል በልጦ ተገኝቷል። በ2015 እ.ኤ.አ. የጸደቀው፣ የአየር ንብረት ለውጥን ለመግታት አገሮች የተስማሙበት የፓሪስ ስምምነት ደግሞ ይህ ጭማሪ ከ1.5 ዲግሪ እንዳያልፍ ጥረት እንዲደረግ ይጠይቃል። ይሁንና ያ ወሰን የሚለካው በረጅም ዘመን አማካይ እንጂ በአንድ ዓመት አይደለምና፣ 2024 ብቻውን ስምምነቱ ፈረሰ አያሰኝም። እንደዚሁም በአንድ ኅዳር ደብረ ብርሃን ላይ የከፋ ውርጭ መውደቁ የዓለም ሙቀት መጨመርን አያስተባብልም፤ መጠየቅ ያለበት እንዲህ ያሉ ሌሊቶች ባለፉት 30 ዓመታት በዙ ወይስ ቀነሱ የሚለው ነው።