ሲረስና ጂፕሲ፦ ከግማሽ ሞተር የተጀመረ ታሪክ

አንደኛው የዓለም ጦርነት ሲያበቃ እንግሊዝ አገር ውስጥ ሥራ ያጣ የአውሮፕላን ሞተር ተርፎ ነበር። ከነዚህ አንዱ የፈረንሳዩ ሬኖ ባለ ስምንት ሲሊንደር ሞተር ነው፤ ሲሊንደሮቹ አራት አራት ሆነው በግራና በቀኝ ይቆማሉ። መሐንዲሱ ፍራንክ ሃልፎርድ መጀመሪያ ይህን ሞተር አሻሻለው። ቀጥሎ የአንዱን ጎን አራት ሲሊንደሮች ብቻ ወስዶ አዲስ አካል ሠራላቸው። ግማሽ ሞተር ማለት ነው። ስሙ ሲረስ ተባለ፤ ጉልበቱም 60 የፈረስ ጉልበት ነበር።

የአውሮፕላን ሠሪው ጄፍሪ ደ ሃቪላንድ ይህንን ሞተር የገጠመባትን ትንሽ አውሮፕላን በ1925 እ.ኤ.አ. አበረራት። ስሟ ሞስ፣ ማለትም የእሳት እራት ነው። (በ"ት" ጨርሰን ብንጽፈው ኖሮ ማን ይሳፈርባት ነበር!)

የሲረስና ከሱ በኋላ የመጣው የጂፕሲ ሲሊንደሮች አንዱ ከአንዱ ኋላ ይሰለፋሉ። ስለዚህ የአውሮፕላኑ አፍንጫ ቀጭን ይሆናል፣ ንፋስም ብዙ አይገፋውም። ውኃ ስለማይጠቀሙ ራዲያተር የለም፣ የሚያፈስ ቱቦም የለም። ጣጣው ሙቀቱ ላይ ነው። ፊት ያለው ሲሊንደር ንጹሕ ንፋስ ያገኛል። አራተኛው ጋ የሚደርሰው የሦስቱ ትራፊ ነው፣ ያውም የሞቀ። መላው በቆርቆሮ ተገኘ። ንፋሱን በአንድ ጎን አስገብቶ፣ ሌላ መውጫ ከልክሎ፣ በየሲሊንደሩ መሀል ወደ ሌላው ጎን እንዲሾልክ ማስገደድ።

የጦርነቱ ትርፍ ዕቃ እያለቀ ሲሄድ ደ ሃቪላንድ የራሱን ሞተር ለመሥራት ወሰነ። ሃልፎርድ የነደፈው ጂፕሲ 5.2 ሊትር ሲሆን ወደ 100 የፈረስ ጉልበት ይሰጣል። አንዱን ጂፕሲ አሽገው፣ ሳይፈቱት 600 ሰዓት አበረሩት። እንግሊዛዊቷ አብራሪ ኤሚ ጆንሰን በ1930 ከለንደን ተነሥታ አውስትራሊያ የገባችው በጂፕሲ ሞስ ነው፤ ራሷም ፈቃድ ያላት የአውሮፕላን መካኒክ ነበረች። በዚያው ዓመት አዲስ አበባ ላይ፣ የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ የዘውድ በዓል ሲቃረብ፣ የትሪኒዳዱ ተወላጅ ሂዩበርት ጁሊያን የንጉሠ ነገሥቱን ጂፕሲ ሞስ ከስክሷል።

በ1930ዎቹ መጀመሪያ ሞተሩ ተገለበጠ። ሲሊንደሮቹ ወደ ታች፣ ክራንክ ሻፍቱ (ፕሮፔለሩን የሚያዞረው ዘንግ) ወደ ላይ። አብራሪው ፊቱን የሚጋርድበት ቀረ፣ ፕሮፔለሩም ከመሬት ከፍ አለ። 130 የፈረስ ጉልበት ያለው ጂፕሲ ሜጀርም እንዲሁ ነው፤ ብዙ የእንግሊዝ አብራሪዎች መብረር የተማሩባት ታይገር ሞስ በሱ ትሠራ ነበር። ግልበጣው ግን ዋጋ አለው። ሞተሩ ሲቆም ዘይት ወደ ሲሊንደሮቹ ሊወርድ ይችላል። ዘይት ደግሞ አይታመቅም፤ ሳይፈትሹ ካስነሡት ብረት ያጣምማል። ለዚህ ነው መጀመሪያ ማቀጣጠያውን አጥፍቶ ፕሮፔለሩን በእጅ ማዞር የሚያስፈልገው።

ጀርመን በሂርት፣ ቼኮዝሎቫኪያ በዋልተር፣ አሜሪካ በሜናስኮና በሬንጀር ኩባንያዎች ተመሳሳይ ሞተሮች ሠርተዋል። አሜሪካ ውስጥ ግን ኮንቲኔንታል የተባለው ኩባንያ በ1931 ኤ-40 የሚባል ሞተር አወጣ። አራቱ ሲሊንደሮች ሁለት ሁለት ሆነው በግራና በቀኝ ተጋድመዋል። ክራንክ ሻፍቱ አጭር ነው፣ ንፋሱም ለኋለኞቹ በቀላሉ ይደርሳል። ዛሬ አብዛኞቹ ትንንሽ የፒስተን አውሮፕላኖች የሚበሩት በዚህ ዓይነት ሞተር ነው።