የውጭ እርዳታና የትጥቅ ግጭት

የውጭ እርዳታ ጦርነት ወዳለበት አገር ሲገባ ከጦርነቱ ርቆ መቆየት ይከብደዋል። ስንዴ ይበላል፤ ግን ይሸጣል፣ ይዘረፋል፣ ኬላ ላይም ይቀረጣል። የጭነት መኪናው ኪራይና የጥበቃው ደሞዝ ሳይቀር ታጣቂው ኪስ ሊገባ ይችላል።

በደንብ ተመዝግቦ የሚገኘው የቢያፍራ ጦርነት ነው (1967–1970፤ ዓመቶቹ በሙሉ እ.ኤ.አ. ናቸው)። ናይጄሪያ ተገንጥያለሁ ያለችውን ቢያፍራን ከብባ መውጫ መግቢያውን ስትዘጋ ሕፃናት በረሃብ ማለቅ ጀመሩ። አብያተ ክርስቲያናት ከሳኦ ቶሜ ደሴት ምግብ በአውሮፕላን ማመላለስ ያዙ። የሚያርፉት ኡሊ ላይ ነው፤ ሰፋ ተደርጎ የተዘጋጀ የመኪና መንገድ። በረራው በሌሊት ነበር። አውሮፕላኑ ሊያርፍ ሲቃረብ መብራቱ ለአፍታ ይበራና ወዲያው ድርግም ይላል። ቦምብ እየወረደባቸው ከ5 ሺህ ጊዜ በላይ ተመላልሰዋል። የእነዚያ አብራሪዎችና አውራጆች ውለታ ሊረሳ አይገባም። ችግሩ፣ መሣሪያ የጫኑትም በዚያው መንገድ፣ በዚያው ጨለማ ያርፉ ነበር። በ1969 አጋማሽ የናይጄሪያ አየር ኃይል አንድ የቀይ መስቀል አውሮፕላን መትቶ ጣለ። እርዳታው ጦርነቱን አራዝሞታል የሚሉ አሉ። ብዙ ሕይወት ማትረፉ ግን አያከራክርም።

በ1989 ደግሞ የተባበሩት መንግሥታት የመራው የእርዳታ ዘመቻ፣ ኦፕሬሽን ላይፍላይን ሱዳን፣ የሱዳንን መንግሥትም አማፂውንም አስማምቶ እህል አስገባ።

ጎማ በተባለችው የዛየር (የዛሬዋ ዴሞክራቲክ ኮንጎ) ከተማ የሆነው ከሁሉም ይከፋል። በ1994 ከሩዋንዳ ወደ ዛየር ከሸሸው ሕዝብ መካከል የዘር ጭፍጨፋውን የመሩት ሰዎች ነበሩበት። ካምፑን የሚያዙት እነሱ ሆኑ። እህሉ በእነሱ በኩል ሲታደል የስደተኛውን ቁጥር አብዝተው ያስመዘግባሉ፤ ትርፉን ለራሳቸው ያደርጋሉ። የድንበር የለሽ ሐኪሞች የፈረንሳይ ክፍል በዚያው ዓመት ኅዳር ላይ ጥሎ ወጣ። ሌሎች ቆዩ፤ የታመመ ሰው ትቶ መሄድም ቀላል አይደለም።

ጥናቶቹ አንድ ቋንቋ አይናገሩም። በ2014 የወጣ ጥናት የአሜሪካ የምግብ እርዳታ የእርስ በርስ ግጭትን ያባብሳል ብሏል፤ ሌሎች ተመራማሪዎች ስሌቱን ተችተውታል። ፊሊፒንስ ውስጥ አንድ የመንደር ልማት ፕሮጀክት ገና በዝግጅት ላይ ሳለ ግጭት ጨምሯል። አማፂዎቹ ገበሬው ወደ መንግሥት እንዳያዘነብል ሰግተው ሳይሆን አይቀርም። በሌላ በኩል እርዳታ ድንገት ሲቋረጥም ግጭት የመነሳት ዕድሉ ይጨምራል የሚል ጥናት በ2011 ወጥቷል። ይህኛው ተገቢውን ትኩረት ያገኘ አይመስልም።

በ2018 የጸጥታው ምክር ቤት በውሳኔ ቁጥር 2417 ሲቪሎችን ማስራብን እንደ ጦር ስልት መጠቀምን አውግዟል። መሬት ላይ ያሉት ሠራተኞች ደግሞ የራሳቸው ዘዴ አላቸው፦ ስም ዝርዝሩን ከአለቆች አይቀበሉም፣ ቤት ለቤት ይቆጥራሉ፣ ራሽኑን በቀጥታ ለእናቶች እጅ ይሰጣሉ።