ባላደራ ካቢኔ በኔዘርላንድ ምንድን ነው?

በሄግ አንድ ካቢኔ በፈረሰ ቁጥር በአማርኛ ዘገባዎች ላይ «የሽግግር መንግሥት ተቋቋመ» የሚል ዐረፍተ ነገር እናነባለን። ሰሞኑን ደግሞ አንድ ተንታኝ፣ ባላደራ መንግሥት አዲስ ውሳኔ የማሳለፍ ሥልጣን እንደሌለው አድርገው ደመደሙ። ሁለቱም ስሕተት ናቸው፤ የሁለተኛው ምንጭ ግን ይገባኛል። የእኛ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 60፣ ምክር ቤቱ ከተበተነ በኋላ ሥልጣን ላይ የሚቆየው ፓርቲ የዕለት ተዕለት ሥራ ከማከናወንና ምርጫ ከማካሄድ በቀር አዲስ አዋጅ ማውጣት እንደማይችል ይደነግጋል። በኔዘርላንድ ሕገ መንግሥት ውስጥ እንዲህ ያለ አንቀጽ የለም።

እዚያ የሚሠራው ልማድ ነው። ጠቅላይ ሚኒስትሩ የካቢኔውን መልቀቂያ ለዘውዱ ያቀርባል፤ ዘውዱም ሚኒስትሮቹ ለአገር ጥቅም ያስፈልጋል የሚሉትን ሁሉ እየሠሩ እንዲቆዩ ይጠይቃል። ካቢኔው ከዚያች ዕለት ጀምሮ «ደሚሲዮኔር»፣ ማለትም መልቀቂያ ያቀረበ ባላደራ፣ ይባላል። ወሰኑን የሚያበጀው ፓርላማው ነው፦ የምክር ቤቱ ኮሚቴዎች በእጃቸው ያሉትን ጉዳዮች አንድ በአንድ ያነሣሉ፤ «አከራካሪ» የተባለው አዲስ ካቢኔ እስኪመጣ ይቆያል፣ ያልተባለው ይቀጥላል። የጠቅላይ ሚኒስትር ማርክ ሩተ ሦስተኛ ካቢኔ በሕፃናት እንክብካቤ ድጎማ ቅሌት ምክንያት እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 15 ቀን 2021 መልቀቂያ አቀረበ። በስምንተኛው ቀን፣ ያው የለቀቀ ካቢኔ በምክር ቤቱ ድጋፍ፣ ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት ወዲህ ታይቶ የማይታወቅ ሰዓት እላፊ ከምሽቱ 3 ሰዓት እስከ ሌሊቱ 10 ሰዓት ተኩል በመላ አገሪቱ ደነገገ። ይህን «ሥልጣን የሌለው» ማለት እንዴት ይቻላል?

ከዚህ የባሰው ግን «ሮምፕካቢኔት» የሚባለውን፣ ማለትም አካሉ ተቆርጦ ግንዱ የቀረውን ካቢኔ፣ ከደሚሲዮኔሩ ጋር አንድ ማድረግ ነው። እ.ኤ.አ. ሜይ 12 ቀን 1982 የሠራተኛ ፓርቲው ሚኒስትሮች በሥራ ፈጠራ ዕቅድና በበጀት ቅነሳ ጠብ ከጠቅላይ ሚኒስትር ድሪስ ፋን አኽት ሁለተኛ ካቢኔ ወጡ። የቀሩት ሁለት ፓርቲዎች፣ ክርስቲያን ዴሞክራቶችና ዲ66፣ ሜይ 29 ቀን ሦስተኛውን የፋን አኽት ካቢኔ መሠረቱ። በለቀቁት ቦታ ሌሎች ተተኩ፤ የውጭ ጉዳዩን ሚኒስቴር ፋን አኽት ራሳቸው ደርበው ያዙ። ይህ እንደ አዲስ የተሾመ፣ ገና መልቀቂያ ያላቀረበ መንግሥት ነበር፤ የጠበበው ተልዕኮው እንጂ ሥልጣኑ አልነበረም።

ጥምር መንግሥት እንደ መቀናጆ ነው። አንድ አንድ በሬ ያላቸው ገበሬዎች ተቀናጅተው ያርሳሉ፤ አንዱ በክረምት መካከል ተጣልቶ በሬውን ነድቶ ቢሄድ፣ የቀረው ሰው የተዘራውን ከማረምና ከመጠበቅ የሚያግደው የለም፤ አዲስ መሬት ልረስ ካለ ግን ከጎረቤት በሬ መለመን አለበት። የሁለቱ ፓርቲዎች መቀመጫ ከ150ው 65 ብቻ ስለነበር፣ ሕግ ለማስጸደቅ ከሌላ ደጅ 11 ድምፅ መፈለግ ነበረባቸው። ምሳሌው እዚህ ላይ ይላላል፣ ምክንያቱም ጎረቤቱ በሬውን ባይሰጥ እንኳ መንግሥቱ ወዲያው አይወድቅም። በኔዘርላንድ አዲስ ካቢኔ ሥራ ሲጀምር የአመኔታ ድምፅ ማግኘት አይጠበቅበትም፤ ምክር ቤቱ በአብላጫ «አላምንህም» እስካላለው ድረስ ይቆያል። ይህን ሳይዙ ስለ አናሳ መንግሥት መጻፍ አንባቢን ያሳስታል።

«ሽግግር» የሚለውን ቃል እኛ የምናውቀው ሥርዓተ መንግሥት ሲለወጥ ነው። በኔዘርላንድ እ.ኤ.አ. በ1982 የተለወጠ ሥርዓት አልነበረም፤ ምክር ቤቱ ተበትኖ ሴፕቴምበር 8 ቀን ምርጫ ተካሄደ፤ ዲ66 ከ17 መቀመጫ ወደ 6 ወረደ። ካቢኔው ራሱ መልቀቂያውን አቅርቦ ደሚሲዮኔር የሆነው ያኔ ነው፤ ኖቬምበር 4 ቀን ለአዲሱ ጠቅላይ ሚኒስትር ለሩድ ሉበርስ እስኪያስረክብ ድረስም በዚያው ስም ቆየ።